በርና መቃን እንዳይጣበቁ

ሎሚ ገላና ከተራራው የወረደችው በገዛ ቤታቸው በር ላይ ተኝታ ነው።

ጊዜው 1983 ዓ.ም.፣ መንግሥት የተለወጠበት የግንቦት ሳምንት ነበር። የገላና ቤት ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ ነው። እኔ ጎረቤታቸው ቀጀላ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ሽበት ካወጣሁ በኋላ ስለሆነ ባየሁትና በሰማሁት ላይ የምጨምረው ጌጥ የለኝም።

ሎሚ ያን ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመት አልሞላትም። ሆዷን ያዘች፤ እግሯን አጥፋ ተኛች፤ የቀመሰችው ሁሉ ተመለሰ። መጀመሪያ ወስፋት ነው ተባለ። ቀጥሎ የሰው ዓይን ነው ተባለ። ትኩሳቱ ሲብስባትና ሆዷ እንደ ሳንቃ ሲደርቅ ግን አባቷ ገላና «ሐኪም ቤት!» ብሎ ተነሣ። መኪና የለም። ከታች በኩል ተኩስ ይሰማል። የእድሩ ቃሬዛ ዕቃ ቤት ተቆልፎበታል፤ ቁልፉን የያዘው ሰው ደግሞ ተኩሱን ሰምቶ ወደ ዘመዶቹ ሄዷል። ገላና ግራ ቀኙን አየና የቤቱን በር ከማጠፊያው መንቀል ጀመረ።

«ኧረ ገላና! በዚህ ቀን ቤትህን ክፍት ትተህ?» አልኩት።

«ልጄ ከሞተች የምዘጋበት ምን አለኝ?» አለኝ። ጎንበስ ብዬ በሌላው በኩል ያዝኩለት።

አራት ሆነን ተሸከምናት። ቁልቁለቱን ስንወርድ ጠመንጃውን የጣለ፣ ግን ካፖርቱን ያልጣለ አንድ ወታደር መንገድ ላይ ቆመብን። በዚያ ሳምንት ዝርፊያ በዝቶ ነበር።

«የማንን በር ዘርፋችሁ ነው?»

«በሩን ተወውና በላዩ ያለችውን እያት!» አለው ገላና።

ወታደሩ ጠጋ ብሎ አየ። ካፖርቱን አውልቆ አለበሳትና ትከሻውን ከኔ ትከሻ አጠገብ አስገብቶ አስፋልቱ ድረስ አብሮን ተሸከመ። ስሙን አልጠየቅነውም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ ኖሯል። ሐኪሞቹ ሆዷን ከፍተው መግሉን አጥበው አዳኗት። ለብዙ ጊዜ ተኝታ ስትመለስ ከእንብርቷ በታች እንደ ዚፕ የሚመስል ጠባሳ ይዛ መጣች። በሩም ተመልሶ ቦታው ላይ ተሰቀለ። ቤቱ ያን ያህል ጊዜ ያለ በር ቆሞ አንዲት ማንኪያ አልጠፋችም። ሎሚ በኋላ ስታድግ «የሚሰረቅ ስለሌለ ነው» እያለች አባቷን ታበሽቀዋለች።

ከዚያ በኋላ ከተማው ተራራውን እየወጣ መጣ። የገላና የገብስ እርሻ ጠበበ፣ ኋላም መንደር ሆነ። ሎሚ አሥረኛ ክፍል ደርሳ አቆመች፤ ከዓመታት በኋላ በየቦታው ኮንዶሚኒየም መሠራት ሲጀምር ከሴቶች ጋር ተደራጅታ ቀለም ቀቢ ሆነች። ረጅም ናት፤ ክንዷም ረጅም ነው።

የመጀመሪያ ሥራዋ ላይ ያደረገችውን በዚያ ሥራ ላይ የነበረ ሁሉ ያስታውሰዋል። አንድ ሙሉ ፎቅ የእንጨት በሮች ዘይት ቀለም ቀብታ ጨረሰች። ማምሻውን ሰማዩ ጠቆረ። ዝናብ ገብቶ ሥራዬን እንዳያበላሽብኝ ብላ በሮቹን ሁሉ አንድ በአንድ ገጥማ ዘጋችና ወደ ቤቷ ሄደች። ጠዋት ፎርማኑ ወንድይራድ ጠራት።

«ሎሚ!»

«አቤት!»

«በሮቹን ማን ዘጋቸው?»

«እኔ ነኝ። ዝናቡ እንዳይገባ ብዬ።»

«ዝናቡስ አልገባም። ግን እኛም አልገባንም!»

ቀለሙ እርጥብ እያለ በሩና መቃኑ ተነካክተው፣ ሲደርቁ አብረው ደርቀው አንድ ሆነው ነበር። በመሮና በመዶሻ ተከፈቱ፤ የተላጠውም እንደገና ተቀባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ «እሽጓ ሎሚ» ሆነ። እሷ ግን አላኮረፈችም። ከዚያ ወዲህ በር ስትቀባ ኪሷ ውስጥ ፌስታል አይጠፋም። ፌስታሉን በረጃጅሙ ትቀድና በበሩና በመቃኑ መሃል ታስገባዋለች። በሩ ቢዘጋም አይጣበቅም። ቀለሙ በደንብ ሲጠና ፌስታሉን ስባ ታወጣዋለች። ሌሎቹ ቀቢዎችም እየሳቁ ኮረጇት።

ዝነኛ ያደረጋት ግን በር ሳይሆን ኮርኒስ ነው። ሌሎቹ ኮርኒስ ይሸሻሉ፤ አንገት ይሰብራል፣ ቀለሙም ዓይን ውስጥ ይንጠባጠባል። ሎሚ መሰላል ላይ ወጥታ ክንዷን ዘርግታ ሮለሩን ስትገፋው አንዲት ጠብታ አትወርድም። «ኮርኒሱን ለሎሚ ተዉት» ይባል ነበር። ከሲግናል እስከ ኮተቤ ስንት ሰው ተኝቶ የሚያየው ኮርኒስ የሷ እጅ ነው!

ኤጀታን ያገባችው በዚያ ዘመን ነው። ከወለጋ የመጣ፣ በመገናኛ መስመር ታክሲ የሚነዳ፣ ለቀልድ ፍሬን የሌለው ሰው ነው። ሲፋን የምትባል ልጅ ወለዱ።

ከዚያ የሆነ ጊዜ ላይ ሎሚ ኮርኒስ ለሌሎች መስጠት ጀመረች። እሷ ከግድግዳው በታች በታቹን ትቀባለች። ጓደኞቿ እርጅና መጣ ብለው ቀለዱባት። ሠላሳ ዓመቷ ገና ማለፉ ነው። አንድ ቀን እኔ ቤት መስኮት እየቀባች ክንዷን ወደ ላይ ስታነሣ ፊቷ ተለወጠና መሰላሉን ይዛ ቀረች።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ሆዴ ውስጥ የታሰረ ገመድ ያለ ይመስላል፤ ክንዴን ሳነሣ ከታች ሰው ይስበዋል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቆየ፣ ጋሽ ቀጀላ። ለአባባ እንዳይነግሩ።»

በዚያው ምሽት ለገላና ነገርኩት። ገላና ሐኪም ቤት መግባት ይፈራል፤ ስለዚህ «አንተ ማንበብ ትችላለህ፣ አብረሃቸው ሂድ» አለኝ። በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ነው። እኔ፣ ሎሚና ኤጀታ ሦስት ሆነን አንዲት የማህፀን ሐኪም ዘንድ ገባን። ዶክተር ክብረት ትባላለች፤ ቀጠን ያለች፣ ስትናገር የማትቸኩል ሴት ናት። ሎሚን በአልትራሳውንድ አይታ ተመለሰችና አስቀመጠችን።

«ግራ ዕንቁላል ማፍሪያሽ ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት አለ፤ መውጣት አለበት» አለች። «ግን የሚስብሽ እሱ ብቻ አይመስለኝም። የልጅነት ቀዶ ጥገናሽ ውስጥሽ ጠባሳ ሳይተው አልቀረም። አንጀትሽ ከሆድሽ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ይሆናል።»

«ግድግዳ?» አለች ሎሚ። ሥራዋ ነዋ!

«እንደዚያ ነው የምንለው። አሁን ሆድሽን በሰፊው አልከፍትም። በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያ አስገብቼ እሠራለሁ። ቦታ እንዲኖረኝ ሆድሽን በጋዝ እነፋዋለሁ።»

«እንደ ጎማ?» አለ ኤጀታ።

«እንደ ጎማ። ስንጨርስ እናስተነፍሰዋለን።»

«መሪዋን ብቻ እንዳይነኩባት፣ ዶክተር፤ ቤት ውስጥ እሷ ናት የምትነዳው።»

ሎሚ በክርኗ ጎሸመችውና ወደ ሐኪሟ ዞረች። ፊቷ ላይ ሳቅ አልነበረም።

«ዶክተር፣ የተጣበቀውን ያላቅቁልኛል። ተላቆ ይቀራል ወይስ ተመልሶ ይጣበቃል? የአሁኑም እኮ ቢላ ነው። የዛሬ ሃያ ዓመት ያዳነኝ ቢላ ነው ያጣበቀኝ። እየተላቀቅኩ እየተጣበቅኩ ልኖር ነው? እኔ ኮርኒስ ካልቀባሁ ሰው አልመስልም።»

ዶክተር ክብረት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«እውነቱን ልንገርሽ፤ ሊጣበቅ ይችላል። ውስጣችን ያለው አካል ሁሉ የሚያዳልጥ ስስ ሽፋን አለው፤ ለዚህ ነው አንዱ ባንዱ ላይ የሚንሸራተተው። ሽፋኑ ሲቆስል እርጥብ ይሆናል። ሁለት የቆሰሉ ቦታዎች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተነካክተው ከቆዩ፣ ሲድኑ አንድ ላይ ይድናሉ።»

ሎሚ ከወንበሯ ብድግ አለች።

«ኧረ ይሄማ በር ነው!»

«ምን?»

«በር ነው፣ ዶክተር! እርጥብ ቀለም! በሩን ቀብተው መቃኑ ላይ ከዘጉት ሲደርቅ አብሮ ይደርቃል። እኔ አንድ ፎቅ ሙሉ አሽጌ አውቃለሁ!»

«እውነቷን ነው» አለ ኤጀታ። «በከተማው ተወርቷል።»

ሐኪሟ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ሁለቱ የተነጋገሩትን እኔና ኤጀታ እንደ ባዳ ቁጭ ብለን ሰማን።

«እርስዎ ታዲያ እንዳይጣበቅ ምን ያደርጋሉ?»

«መጀመሪያ ብዙ አልነካካም፤ መቁሰል የሌለበትን አላቆስልም። ደም ከፈሰሰ ሳላቆመው አልወጣም፤ የቀረ ደም ያጣብቃል። አካሉ እንዳይደርቅብኝ በጨው ውሃ እያራስኩ እሠራለሁ፣ መጨረሻም አጥበዋለሁ። ጓንቴም ዱቄት የሌለው ነው።»

«ዱቄት?»

«አንዳንዱ ጓንት እጅ እንዲያስገባ ዱቄት ይነሰነስበታል። ሆድ ውስጥ ከቀረ ቁስሉን ያስቆጣዋል።»

«አቧራ! እርጥብ ቀለም ላይ እንደሚያርፍ አቧራ! እና ፌስታሉስ?»

«የምን ፌስታል?»

ሎሚ ከቦርሳዋ አንድ ፌስታል አወጣችና ቀድዳ በሁለት መዳፎቿ መሃል አስገብታ አሳየቻት። ዶክተር ክብረት ጎንበስ ብላ የሎሚን መዳፎች አየች።

«አለኝ» አለች። «ፌስታል አይደለም፤ እንደ ስስ መረብ ጨርቅ ነው። የቆሰለው ቦታ ላይ እናነጥፈዋለን። ቁስሉ እስኪድን ይለያየዋል፤ ሥራውን ሲጨርስ ራሱ ሟሙቶ ይጠፋል። ማውጣት የለም።»

«ራሱ ይጠፋል? ወይ ጉድ! እንዲህ ያለ ለኛም ቢመጣልን።»

«ግን ቃል አልገባልሽም፣ ሎሚ። መጣበቁን ይቀንሰዋል እንጂ ፈጽሞ አይከለክለውም።»

«እሱማ ፌስታልም አንዳንዴ ይሸሻል» አለች ሎሚ። ሕክምናውን የተቀበለችው ያኔ ነው።

የቀዶ ጥገናው ዕለት በተሽከርካሪ አልጋ ወደ ውስጥ ሲገፏት አንገቷን ቀና አድርጋ ጮኸች፤ «ዶክተር፣ ፌስታሉን እንዳይረሱ!» በሩ ተዘጋ። ብዙም ሳይቆይ አንዲት ነርስ እያለከለከች ወጣች። የሎሚን ጫማና ነጠላ የያዘ ፌስታል ለኤጀታ አስታቀፈችው። «ይኸው አልጠፋም፣ በሏት። ምን ያለበት ነው እንዲህ ያስጨነቃት?» ኤጀታ ሲጨነቅ ከቆየበት ወንበር ላይ ያን ፌስታል ታቅፎ እስኪያነባ ሳቀ። እኔ የሳቅ እንባ ብቻ አልመሰለኝም።

ዶክተር ክብረት ስትወጣ ፊቷ ላይ ድካምና ደስታ አየሁ። እብጠቱን አውጥታለች። ከድሮው ጠባሳ ሥር እንደ ገመድ የተጠመዘዘ ነገር አንጀቷን ከሆዷ ግድግዳ ጋር አስሮት አግኝታ ቆርጣዋለች። «ገመድ ነው ያለችው ልክ ነበር» አለችን። «ፌስታሉንም አልረሳሁም።»

ሎሚ ቤቷ ስትገባ ሌላ ነገር ተከተለ። የማህፀን ሐኪም ቤት ገባች የሚለው ወሬ ሰፈሩን ዞሮ ሲመለስ ወለደች ሆኖ ነበር። ጎረቤቷ ወይዘሮ ታደለች ትልቅ ሳህን ገንፎና አንዲት የሕፃን ኮፍያ ይዛ ስትገባ እኔ እዚያው ነበርኩ።

«እልልልል! እንኳን ማርያም ማረችሽ!»

«እትዬ ታደለች፣ አልወለድኩም።»

«ታዲያ የማህፀን ሐኪም ቤት ገብተሽ ምን ስታደርጊ ነበር?»

«በር ሳስከፍት።»

ወይዘሮ ታደለች እኔን አየችኝ። እኔ ወደ ኮርኒሱ አየሁ። ሎሚ ሆዷን በትራስ ደግፋ «እባካችሁ አታስቁኝ፣ ስፌቴ!» እያለች ትንፈራገጣለች።

«እሺ ገንፎውን ማን ሊበላው ነው?»

ኤጀታ ማንኪያ ይዞ ከጓዳ ብቅ አለ። «አባትየው አለ።»

ወይዘሮ ታደለች መቀነቷን ፈትታ የሎሚን ሆድ ጥብቅ አድርጋ ልታስርና እንደ አራስ ልታስተኛት ፈለገች። ሎሚ «ማጥበቅ ይቅርብኝ፣ እትዬ፤ ተነሥተሽ ተራመጂ ተብያለሁ» ብላ ግቢው ውስጥ ትንጎራደድ ጀመር። ወይዘሮ ታደለች አላመነችም። ድክ ድክ የሚል ሕፃን እንደሚከተል ሰው ክንዶቿን ዘርግታ ከኋላ ከኋላዋ ትሄድ ነበር። ኮፍያውን ለመመለስ ግን እሺ አላለችም፤ «ይቀመጥ፤ አይታወቅም» አለች።

ቁስሉ ዳነ። ዶክተር ክብረት አየቻትና «ቀስ እያልሽ ሥራ ጀምሪ» አለቻት። ሎሚም ጀመረች። ክንዷን ግን ከትከሻዋ በላይ አታነሣም። ሮለር ይዛ እስከ ደረቷ ድረስ ትቀባና የላይኛውን ለሌላ ትተዋለች። ቤት ውስጥ ስኳር ከላይኛው መደርደሪያ ወደ ታችኛው ወረደ። ልብስ የሚሰጣው ኤጀታ ሆነ።

«ያምሻል?» አልኳት።

«አያመኝም።»

«ታዲያ ለምን አታነሺውም?»

ብሩሿን ቀለም በሚያለቅቀው አኳራጅ ውስጥ እያጠበች መለሰችልኝ።

«ካላነሣሁት አይስበኝም፣ ጋሽ ቀጀላ። ካልሳበኝ ደግሞ አልተጣበቀም ብዬ እኖራለሁ። አንሥቼው ገመዱ ተመልሶ ከመጣስ? ያን ጊዜ ኮርኒስ አበቃ ማለት ነው። አለማወቁ ይሻለኛል።»

ማንም ሊያነሣላት የሚችል ክንድ አይደለም።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ለእንቁጣጣሽ የገላናን ቤት ልትቀባ መጣች። ግድግዳው በእሷ፣ የላይ የላዩ በኤጀታ ተቀባ፤ ኮርኒሱ ብቻ ቀረ። ኤጀታ እንኳንስ ኮርኒስ፣ የላይኛውን ግድግዳ ሲቀባ ግማሹን ቀለም ሸሚዙ ላይ አደረገው። በመጨረሻ አሮጌው በር ተረፈ። ሎሚን የተሸከመው ያው በር ነው። ሎሚ የድሮውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ፍቃ፣ ጎንበስ ቀና እያለች አረንጓዴ ዘይት ቀለም ቀባችው። የላይኛውን ጫፍ ለመቅባት በርጩማ ላይ ወጣች፤ ክንዷ አሁንም ከትከሻዋ አላለፈም። ገላና ከውጭ ወንበሩ ላይ ሆኖ ያርማታል።

«እዚህ ጋ አልነካሽውም።»

«ነክቼዋለሁ፣ አባባ። ዓይንዎ ነው ያልነካው።»

ጨርሳ ከበርጩማው ወርዳ ብሩሿን እንዳስቀመጠች ከእንጦጦ በኩል ደመናው ተንከባሎ መጣ። ነፋሱ ባሕር ዛፉን አጎነበሰው። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ቆርቆሮው ላይ ጠጠር ሆነው ወረዱ።

«ዝናብ መጣ! በሩን ዝጊው፣ ቤቴ ሊሞላ ነው!» አለ ገላና።

«እርጥብ ነው፣ አባባ! ይጣበቃል!»

«ይጣበቅ!»

«ጋሽ ቀጀላ፣ ፌስታል!»

ዳቦ የገዛሁበትን ፌስታል ገልብጬ ዳቦውን ለገላና አስታቀፍኩና ለሷ ወረወርኩላት። በጥርሷ ይዛ ቀደደችው። አንዱን ቁራጭ በማጠፊያው በኩል፣ አንዱን በቁልፉ በኩል አስገባች። ነፋሱ በሩን ሊገጥመው ሲገፋ በትከሻዋ ያዘችው፤ በጣቶቿ ቆመች፤ ቀኝ ክንዷን እስከ መጨረሻው ዘርግታ የመጨረሻውን ቁራጭ ከበሩ አናት በላይ፣ ከላይኛው መቃን ሥር ለጠፈችው። በመዳፏም ደግፋ ያዘችውና በሩን በጉልበቷ ገፍታ ዘጋችው።

እኔ አየሁ። ኤጀታም የቀለም ባልዲ እንደያዘ ቆሞ አየ።

«ምን ሆናችሁ? ጅብ አያችሁ እንዴ?» አለ ገላና።

«እጇ» አለ ኤጀታ።

ሎሚ ቀና ብላ የራሷን እጅ አየች። የሰው እጅ የምታይ ይመስል ነበር። አላወረደችውም።

«ሳበሽ?» አላት ኤጀታ በቀስታ።

«ቆይ» አለች። ግራ ክንዷንም አነሣች። ሁለቱንም እያንጠራራች በጣቶቿ ቆመች፤ ወደ ቀኝ ተለመጠች፤ ወደ ግራ ተለመጠች። «ቆዳዬ ትንሽ ያዝ አደረገኝ። ገመዱ ግን የለም። ኤጀታ፣ የለም! የለም እኮ!»

ኤጀታ ባልዲውን ጥሎ አቀፋት፤ ሁለቱም አረንጓዴ ሆኑ። ገላና ዳቦውን እንደታቀፈ አቀርቅሮ ቀረ። ዝናቡ በዚህ መካከል ዶፍ ሆነ፤ ሁላችንም ጣሪያው ጠርዝ ሥር ግድግዳ ላይ ተለጥፈን ቆመናል። በሩ ተዘግቷል፤ እኛ ውጭ ነን።

«ሎሚ» አልኩ፣ «ዝናቡስ አልገባም።»

«እኛም አልገባንም!» ብላ ሳቀች። በዚህ ጊዜ ሆዷን የሚደግፍ ትራስ አላስፈለጋትም።

ዝናቡ ሲያባራ በሩን በአንድ ጣቷ ሳበችው። እሺ ብሎ ተከፈተ። በማግስቱ መሰላል አምጥታ የአባቷን ኮርኒስ መቀባት ጀመረች። እኔ ከታች መሰላሉን እይዝላት ነበርና፣ በሩ ላይ ተኝታ ከወረደችበት ቀን ጀምሮ ከደረሰባት ሁሉ ዋናው የቱ እንደሆነ ጠየቅኳት። ሮለሩን ሳታቆም መለሰችልኝ፤

«ሰው ሁሉ ዋናው መዳንሽ ነው ይለኛል። መዳኑማ ጥሩ ነው። ለኔ ግን ዋናው፣ ዶክተሯ ቆርጣ "በቃ፣ ጨርሻለሁ" ብላ አለመሄዷ ነው። ከሄድኩ በኋላ ይህቺ ሴት ውስጥ ምን ይሆናል ብላ አሰበችልኝ። ያ ወታደርም ካፖርቱን ሰጥቶን መሄድ ይችል ነበር፤ ግን አስፋልቱ ድረስ ተሸከመሽ አላሉኝም? እኔም ቀብቼ ስወጣ፣ ከኋላዬ በሩን ማን እንደሚዘጋው ነው የማስበው። በቃ እሱ ነው። አሁን መሰላሉን ወደዚህ ያዝ ያድርጉልኝ፣ ጋሽ ቀጀላ፤ ጥጉ ቀርቶኛል።»